ጥሩምባ ያልተነፋለት ድንኳን

የእድራችን ድንኳን የሚያድረው እኛ ቤት ነበር። ከእናቴ አልጋ ጀርባ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ እራቱን በልቶ እንደጠገበ ወፍራም አጎት ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። እናቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሸዋርካብሽ የሚላት፣ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነበረች። ብረት ድስቱ፣ ጭልፋው፣ አግዳሚ ወንበሩ ቤቱን ሞልተውት እንግዳ የምንመስለው እኛ ነበርን። እኔ ከዕቃው ሁሉ ድንኳኑን እወደዋለሁ። ስወጣበት ይችለኛል፣ ስዘልበት አይቆጣኝም። አፍንጫዬን ስቀብርበት ዝናብ ዝናብ፣ ሣር ሣር፣ ወጥ ወጥ ይሸተኛል።

ድንኳኑ ከቤታችን የሚወጣበትን ሕግ ገና በስድስት ዓመቴ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሼ ወልደ ማርያም በማለዳ ሰፈሩን እየዞሩ ከነፉ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ድንኳኑ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፣ እኔ ቤት እቀራለሁ። ጥሩምባ ሳይነፋ ድንኳኑ ከወጣ ግን ሰርግ ነው፤ እከተለዋለሁ፣ ሆዴ እስኪወጠር በልቼ እመለሳለሁ። ሦስተኛ ነገር የለም። እድሩም ሦስተኛ ነገር አያውቅም።

ታዲያ ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ሰማዩ ከተማችን መቱ ላይ የተቀደደ እስኪመስል በዘነበበት ክረምት፣ አንድ ጠዋት ድንኳኑ ጥሩምባ ሳይነፋ ወጣ።

እኔም እልል አልኩ። እናቴ ልትመታኝ እጇን አነሳችና፣ ምን እንደታሰባት እንጃ፣ መልሳ አወረደችው።

ድንኳኑን ሊወስድ የመጣው የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ጌድዮን ነበር። ጌድዮን ሞተር ሳይክል አለው፤ መነጽር አለው፤ ከንፈሩ ላይ ገና ልብሰል አልብሰል የሚል ጢም አለው። ሳያት የምትባለው አክስቴ የሞተሩን ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ መስታወት ትሮጥ ነበር። ሳያት የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት ገና ጡት አልተወችምና ያሳደገቻት እናቴ ናት። ስትስቅ ሳቋ ከጓሮ ተነስቶ አስፋልት ይደርሳል። ያን ቀን ግን ወደ መስታወት አልሮጠችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ ቅያሪ ልብሷን በፌስታል ይዛ ብቅ አለች።

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ፣ እቴቴ።»

«የት?» አለች እናቴ።

«ድንኳኑ ጋ። ሰው አንሷቸዋል።»

«አንዴ ከገባሽ በኋላ መውጫሽን ማን ያውቃል?»

«ጌድዮን አለ አይደል?»

«ጌድዮን! ጌድዮን የገዛ ጢሙን አብቅሎ አልጨረሰ፣ አንቺን ነው የሚጠብቅልኝ?»

ጌድዮን ድንኳኑን በአንድ ጎን እንደተሸከመ አንገቱን አቀረቀረ። ሳያት እናቴን ጉንጯን ሳመቻት፤ እኔንም አናቴን ሳመችኝ፤ ሄደች። እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ሳያት ጌድዮንን ልታገባ ነው። እናቴ ያለቀሰችው ሽማግሌ ሳይላክ፣ ጥሎሽ ሳይመጣ፣ ልጅቷ በገዛ እግሯ ተከትላው ስለሄደች ነው። ወደ ጎረቤቴ ወደ ጃለኔ በርሬ ሄጄ ምሥራቹን ነገርኳት።

«በጾም?» አለች ጃለኔ። እነሱ ቤት ፍልሰታን አይጾሙም፤ እኛ እንደምንጾም ግን ታውቃለች።

«የጾም ሰርግ ነው» አልኳት።

«እንዲህ አይነት ሰርግ አለ?»

«በሽሮ የሚደገስ።»

ሙራድ፣ የባለ ሱቁ ልጅ፣ ትንሽ አሰበና «በሽሮ ከሆነ እኔም መብላት እችላለሁ» አለ። ተስማማን።

ድንኳኑ የተተከለው ወደ ሶር ወንዝ ከሚወርደው መንገድ በላይ፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ነበር። እኛ ከኮረብታው ላይ፣ ቅጠል ተከናንበን፣ ድግሱን እንከታተላለን። በመጀመሪያ ዙሪያውን ገመድ ወጠሩ፤ ያልተጠራ እንዳይገባ። ቀጥሎ ከመንገዱ እስከ ድንኳኑ ደጃፍ ነጭ ኖራ በተኑ፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ እንደሚደረገው። ደጃፉ ላይ ውሃ ያለበት ሰፊ ሳፋ አኖሩና የሚገባውን ሁሉ እግሩን አስነከሩት። «አየሽ፣ የእንግዳ እግር ሲያጥቡ» አልኩ። የድምፅ ማጉያ የተሸከመች ፒክአፕ በሰፈሩ እየዞረች፣ አንድ ጊዜ በኦሮምኛ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ውሃ አፍሉ ትላለች። ወደ ሰርግ ቆሽሾ የሚሄድ የለምና ይህም ልክ ነው። ከዚያ አልጋዎች ገቡ። አልጋዎቹ ሁሉ መሐላቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ነበራቸው።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለች ጃለኔ።

ብዙ አሰብኩ። «ገና አልጨረሷቸውም» አልኳት።

ዛሬ እኔ ራሴ የልጆች እናት ነኝ። ቀዳዳው ለምን እንደነበረ አውቃለሁ፤ ከሥሩ ባልዲ ይቀመጥ እንደነበርም አውቃለሁ። ልጆቼ የእጃቸው ቆዳ እንደ ደረቀ ቃሪያ እስኪጨማደድ ድረስ የማስታጥባቸው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ግን የማውቀው ሰርጉ በየቀኑ እየደመቀ መሄዱን ብቻ ነበር። የሚገባው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ተደግፎ፣ አንዳንዱ በቃሬዛ ይገባል። ገና ሳይገቡ ከመንገድ ሰክረው የመጡ መሰሉኝ።

ቤታችን ውስጥ ግን ማንም አይስቅም። አንድ ከሰዓት ጋሼ ወልደ ማርያም መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኝህ ሰው ጥሩምባ ሳይዙ ሲመጡ አይቼ አላውቅም ነበር። እጃቸውን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸው አንዴ ጉልበታቸው ላይ፣ አንዴ ብብታቸው ውስጥ ያደርጉታል።

«ቀበሌ ወሰደብኝ» አሉ። «ሰው ይደነግጣል፣ አትንፋ አሉኝ።»

«ሰው የሚደነግጠው በጥሩምባው ነው በሞቱ?» አለች እናቴ።

«እሱን ለኦቦ ኩመራ ንገሪው። እድራችን በቀብር ያልተገኘ ይቀጣል ይላል። ቀበሌው ደግሞ የተገኘ ይቀጣል ይላል። እንግዲህ ሰው በየትኛው እየተቀጣ ይኑር?»

እኔ ከጓዳ ሆኜ በኦቦ ኩመራ በጣም ተደሰትኩ። ኦቦ ኩመራ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሰርግ እንዳይረበሽ ጥሩምባ የሚያስቆሙ ደግ ሰው መሆናቸውን እስከዚያን ቀን አላወቅኩም ነበር።

በዚያ ክረምት ሰው ያለ ጥሩምባ ተቀበረ። ስንት ሰው እንደሆነ አላውቅም፤ ያልተነፋለትን ማን ይቆጥረዋል? በሽታውም ስም አልነበረውም። ትልልቆቹ «ያ ነገር» ይሉት ነበር፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደሚሰማቸው ሁሉ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት። ከክፍላችን ደጃፍ ወጥቼ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ መጀመሪያ በራሴ ያነበብኩት ቃል «ኮሌራ» ነበር። ሰው ለማንበብ የሚመኘው ቃል አይደለም። እኔ ግን ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ድንኳኑ ከተተከለ ሳምንት ሳይሞላ እናቴ ጠዋትና ማታ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ወደ ገመዱ መሄድ ጀመረች። ተከትያት ሄድኩና ከሾላው ግንድ ጀርባ ተደበቅኩ። ጌድዮን ወጣ። ጢሙ አድጎ ነበር፤ ዓይኑ ግን ጎድጉዷል።

«እንዴት አደረች?» አለች እናቴ።

«እየታገለች ነው፣ እትዬ ሸዋርካብሽ።»

ሙሽራ መታገሏ ጨዋነቷ ነው። ደስ አለኝ።

ያኔ ኦቦ ኩመራ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ጌድዮን እናቴ መኖሯን እንደረሳ ሁሉ ጮኸባቸው። «ጉሉኮስ አልቋል! ነገ ጠዋት የምሰቅልላቸው የለኝም!»

«አስልክ እንጂ።»

«ጠይቄያለሁ። በሽታ የለም ብላችሁ ሪፖርት አድርጋችሁ፣ ለሌለ በሽታ መድኃኒት እንዴት ይላካል አሉኝ።»

«ተቅማጥ ነው በላቸው።»

«ብያለሁ። ለተቅማጥ ይሄን ሁሉ ምን ያደርግላችኋል አሉኝ።»

ኦቦ ኩመራ ዙሪያቸውን አዩ። «ማሎ፣ እባክህ ጌድዮን! ከላይ የለም ተብሏል። እኔ ከታች ሆኜ አለ ብል ከማን ጋር ልጣላ ነው? ሚሊኒየም እየመጣ፣ ነገ ደግሞ ከላይ እንግዳ እየመጣ… እስኪ እሱ ይለፍና።»

«እሱ እስኪያልፍ እነዚህ ያልፋሉ» አለ ጌድዮን፣ በአውራ ጣቱ ድንኳኑን እያሳየ።

እናቴ ፔርሙዙን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ሳያት በድንኳኑ ውስጥ ስታስታምም ቆይታ እሷው ታማ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም። እኔ የገባኝ የሰርጉ መጠጥ ማለቁ ብቻ ነው። ከሾላው ጀርባ ሆኜ በድንኳኑ ደጃፍ አይቻለሁ፤ ከጣሪያው ላይ ውሃ የሞላባቸው የሚያበሩ ላስቲኮች ተንጠልጥለው ነበር፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ባዶ ሆነው ተጨማድደዋል። መጠጥ ያለቀበት ሰርግ እንዴት እንደሚታማ አውቃለሁ። ሙሽራዋ ዕድሜዋን ሙሉ ትሰማዋለች። ሳያትን ከዚህ ጉድ ማውጣት አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ። መጠጥ ባይኖር ዘፈን ይኖራል።

በማግስቱ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሰበሰብኩ። ሙራድ ከአባቱ ሱቅ ባዶ ጄሪካን ለከበሮ አመጣ። ጃለኔ ድምፅ ስላላት አቀንቃኝ ሆነች። ሁላችንም ራሳችን ላይ የኮባ ቅጠል አደረግን፤ ዝናቡ ቢመጣም ሚዜ መሆናችን እንዳይጠፋ። ቁልቁል ወረድን፣ በጭቃው እየተንሸራተትን፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው በላዩ እየወደቀ፣ ሳቃችን ዘፈናችንን እያቋረጠው።

«ሳያት ሳያት፣ ድንኳን ደመቀላት!» ትላለች ጃለኔ።

«ኧኸ፣ ደመቀላት!» እንላለን እኛ።

«ሽሮው ፈላላት!»

«ኧኸ፣ ፈላላት!»

እናቴ ገመዱ ጋ ቆማ ነበር። ስታየን ፊቷ እንደ ኖራው ነጣ። «ምን ጉድ ነው? ሂዱ! ጥፉ ከዚህ!» ብላ አንድ ጫማዋን አወለቀችና ወደኔ ልትወረውር ወደ ላይ አነሳችው።

በዚህ ጊዜ ከድንኳኑ ውስጥ ድምፅ መጣ። ቀጭን ነው። ይሰበራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል።

«እልል… ልል… ልል…»

የእናቴ ጫማ አየር ላይ ቀረ።

«እሷ ናት» አለች። «እሷ ናት! አለች! በሕይወት አለች!»

እናቴ ወደኛ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። «ምን ያፈዛችኋል? ዝፈኑ እንጂ! ዝፈኑ አልኳችሁ!»

ያን ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ጀምራ እዚያ ቆማ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የሚሰቀለው አልቆ ጌድዮን ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጦ በማንኪያ ያጠጣቸው ነበር፤ ወጥቶ የሚነግራት ጊዜ አላገኘም። እናቴ ሳያት ትኑር አትኑር ሳታውቅ ነው የቆመችው። አሁን ልጆቼን ትንሽ ባተኮሳቸው ቁጥር ያ ገመድ ከፊቴ ይወጠራል።

ያኔ ግን እናቴ በፍልሰታ፣ በጭቃ ውስጥ፣ በአንድ እግሯ ጫማ ከሁላችንም በላይ ጮኻ ስትዘፍን ነው ያየሁት። አንድ እግሯ ባዶ ስለሆነ ወደ ጎን እያነከሰች ትጨፍራለች። «ሽሮው ፈላላት!» ትላለች፣ ጫማዋን ወደ ሰማይ እየነቀነቀች። ሙራድ በሳቅ ፈርሶ ጄሪካኑ ላይ ወደቀ።

በዚህ መሐል አንዲት ነጭ ላንድክሩዘር ከላይ ብቅ አለች። ኖራውን ተከትላ መጥታ ገመዱ ጋ ቆመች። ኦቦ ኩመራ መኪናዋ በደንብ ሳትቆም ዘለው ወረዱ። ከኋላ አንድ ሽበታም፣ ረጅም፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው ወረዱ። ከላይ የመጡት እንግዳ ናቸው።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ እንግዳው።

ኦቦ ኩመራ ጃንጥላቸውን ሊዘረጉላቸው ተጣደፉ።

«የአክስቴ ሰርግ ነው!» አልኩ እኔ።

እንግዳው ዝቅ ብለው አዩኝ። ከዚያ ኦቦ ኩመራን አዩ። «ሰርግ ነው እንዴ፣ ኩመራ?»

ኦቦ ኩመራ ድንኳኑን አዩ፤ የኮባ ቅጠላችንን አዩ፤ እናቴን ባንድ ጫማዋ አዩ። ፊታቸው ላይ የላብ ጠብታ ከዝናቡ ጋር ተደባለቀ። «አዎ፣ ጌታዬ» አሉ። «ሰርግ… ሰርግ ነው።»

«እሰይ!» አሉ እንግዳው። «እንግዲያው ሚሲሮዋን፣ ሙሽሪትን፣ ልመርቅ።»

«አይ! አይ ጌታዬ፣ ጭቃ ነው። ሙሽራዋም… ሙሽራዋ ደክሟታል። መርሐ ግብሩም…»

«ተው እንጂ ኩመራ። የሰርግ ድንኳን ደጃፍ ደርሶ ሳይመርቁ ማለፍ ከየት የመጣ ባህል ነው? እናቴ ብትሰማኝ ምን ትለኛለች?» ብለው ገመዱን ከፍ አድርገው በሥሩ አለፉ።

ኦቦ ኩመራ ተከትለው ሮጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ያመለጠ በግ እንደሚይዝ ሰው። «ጌታዬ! ጌታዬ ይመለሱ! ሰርግ አይደለም! በሽታ ነው! ያ ነገር ነው!»

ሲሉት ሜዳው ላይ ያለ ሁሉ ሰማ።

እንግዳው ዞር አሉና «ታዲያ ይህን ከዚህች ልጅ በፊት አንተ ብትነግረኝ ምን ነበር?» አሉ። ጫማቸውን ሳፋው ውስጥ ነከሩ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ገቡ።

እንግዳው ሞኝ አልነበሩም። የክሎሪኑ ሽታ ከአስፋልቱ ጀምሮ አፍንጫ ይወጋል፤ ሽበታም ሰው ሰርግና ሕመም አይምታታበትም። አሁን ሳስበው፣ የለም የተባለ በሽታ ያለበት ድንኳን መግባት አይችሉም ነበር፤ ወደ ሰርግ ግን ማን ይከለክላቸዋል? በር ሲፈልጉ ነበር የመጡት፤ በሩን ከፍቼ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

ሲወጡ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ጥቁር ጫማቸው ጠርዙ ነጥቷል። ወደኔ መጥተው አጎነበሱ።

«ሚሲሮዋን መረቅኳት» አሉ። «ሙሽሮቹ ግን ብዙ ናቸው። መጠጥም አልቆባቸዋል።»

«አውቃለሁ!» አልኩ። «እኔም ይሄ ነው የጨነቀኝ!»

«አይዞሽ። መጠጡን እኔ አስመጣለሁ።» ከዚያ ቀና ብለው ኦቦ ኩመራን «ና፣ ግባ መኪና ውስጥ። ያልከውን ቃል እንደገና ትለዋለህ፤ አሁን ደግሞ በስልክ» አሏቸው። ኦቦ ኩመራ እንደ ልጅ እያለቀሱ ገቡ። የመጨረሻ የሰማሁት «እስቲ አሁን ትንፋሽ አገኘሁ» ሲሉ ነው።

መጠጡ በማግስቱ መጣ። በጅማ መስመር፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ፣ አንድ አይሱዙ ካርቶን በካርቶን ሆኖ ገባ። ሹፌሩ ሰይፈ ሚካኤል የሚባል ጥርሰ ፍንጭት ነበር፤ አውራጅ እስኪመጣ አልጠበቀም፣ ካርቶኖቹን በትከሻው እየተሸከመ እስከ ድንኳኑ ደጃፍ አደረሰ። ሳያት ከቀናት በኋላ ጋቢ ለብሳ፣ ጉንጯ ገብቶ፣ እናቴን ተደግፋ ወጣች። ሙሽራ እንዲህ ትከሳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ባልሽስ?» አልኳት።

«የቱ ባሌ?»

«ጌድዮን።»

ሳያት ሳቀች። ሳቋ አስፋልት አልደረሰም፤ ገመዱ ጋ ደረሰ። «ጌድዮንማ» አለች፣ «ያን ሁሉ ጉዴን ካየ በኋላ እንዴት አገባዋለሁ?»

ጥር ላይ ሹፌሩን አገባች። ጌድዮን ሚዜ ነበር፣ ጢሙ በስሎ። ኦቦ ኩመራ የመጀመሪያውን ምርቃት መረቁ፤ ጋሼ ወልደ ማርያምም ጥሩምባቸው ተመልሶላቸው ነበርና በሰርግ አይነፋም ቢባሉ አቅፈውት ተቀመጡ። ከላያችን የነበረው ያው ድንኳን ነው። በክሎሪን ታጥቦ አረንጓዴው ሸራ በነጭ በነጭ ተዥጎርጉሮ ነብር መስሏል። እናቴ ቀና እያለች ታየውና «ምን ይሆናል፣ ንጹሕ ነው» ትላለች።

ያ ድንኳን አሁን እኔ ቤት ነው የሚያድረው፤ ከአልጋዬ ጀርባ። ዕቃ ጠባቂነቱን ከእናቴ ወረስኩ። ጥሩምባውን ደግሞ ከጋሼ ወልደ ማርያም የወረሰው ሙራድ ነው፤ ጄሪካን ይሻለው ነበር የሚሉም አሉ።

ዘንድሮ ክረምት ያ ነገር ከወንዙ ማዶ ብቅ አለ። ሙራድ ገና በማለዳ ሰፈሩን እየዞረ ጥሩምባውን ነፋ፤ በየመታጠፊያው እየቆመም በሁለቱም ቋንቋ «ኮሌራ ነው! ውሃ አፍሉ! የታመመ አትደብቁ!» ይላል። ድምፁ እንደዚያው አስቀያሚ ነው። እኔ ድንኳኑን ከአልጋው ጀርባ እየጎተትኩ ሳወጣ ልጄ ነፃነት ዓይኗን እያሻሸች መጣች።

«እማ፣ ጥሩምባ ተነፋ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ለምን ተነፋ?»

«ማንም እንዳይሞት።»

ነፃነት ድንኳኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሕጉን ታውቃለች። ግንባሯን ቋጠረች።

«እንዲህ አይነት የለም» አለች።

«አሁን አለ» አልኳት። «በዚያኛው ጫፍ ያዥልኝ፤ ከዚያ በፊት ግን እጅሽን ታጠቢ።»